ስድስት ሰው ካልሞላ

ምፈደል ከቴቱዋን ከተማ እስከ ዓሣ አስጋሪዎቹ መንደር ጀብሃ በሚወስደው የባሕር ዳር መንገድ ታክሲ ሲነዳ አርጅቷል። ሰው ከሩቅ አገር ሊያየው የሚመጣውን ባሕር እሱ በመስኮት እንጂ በእግሩ አያውቀውም። የእኛ ታክሲ ሕጉ አንድ ነው፤ ከኋላ አራት፣ ከፊት ሁለት፣ ስድስት ሰው ካልሞላ አይነቃነቅም። ምፈደል ደግሞ ሕጉን ከማንም በላይ ይጠብቃል። ስድስተኛውን ሰው ሲጠብቅ አንዲት ነፍሰ ጡር መኪናው ውስጥ ልትገላገል ነበር እየተባለ ይታማል።

ሚስቱ ፈጡማ የተራራ ልጅ ናት። «ባሕር ዳር ወስጄ አዝናናሻለሁ» እያላት ልጆች ወልደው ድረዋል። ባለፈው በጋ ግን መረራት።

«ዓርብ ሁለታችን ብቻ እንሄዳለን። ከቀረ ወንድሜ ቤት እገባለሁ፤ ምሳህን ታክሲህ ትሥራልህ!» አለችው። ዶሮዎቿን ለጎረቤት አደራ ስትሰጥ፣ ቀልድ እንዳልሆነ ለሰፈሩ ሁሉ ገባው።

ዓርብ ጠዋት ፈጡማ አዲስ የገለባ ባርኔጣዋን ደፍታ ከፊት ተቀመጠች። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና ምፈደል ቀጥ ብሎ የነዳው ወደ ታክሲ ተራው ነው። እኔ ጀብሃ ያገባች ልጄን ልጠይቅ ቆሜ ነበር። በሩን ከፍቼ ገባሁ። ሦስት ሰዎችም ተከትለውኝ ገቡ፤ አንዱ አውራ ዶሮ ታቅፏል።

«ምፈደል፣ እስቲ ወደ ኋላ ተመልከት» አለች ፈጡማ።

ዞር ብሎ ሲያየን ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«እንውረድ እንዴ?» አልኩ፣ ከአንገት በላይ።

«ይቀመጡ ሐጂ፣ እርስዎ ምን አጠፉ?» አለችኝና ወደ ባሏ ዞረች። «አንድ ሰው ጎድሎሃል። አትጣራም?»

የሚገርመው፣ ሊጣራ አፉን ከፍቶ ነበር።

ዋድ ላው የምትባለው መንደር ስንደርስ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ተኝተዋል። «እዚህ እንቁም» አለች። ቆመ፤ ግን ሰው ሊያወርድ ነው። ባለ ዶሮው ወረደ፣ አንዲት ሴትዮ ገባች። ከዚያ ወዲያ ባሉት መንደሮችም እንዲሁ ሆነ። ፈጡማ ዓይኗን የመኪናው ቁልፍ ላይ ተከለች።

ጀብሃ ላይ ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ወረድን። ምፈደል እንደ ልማዱ ወርዶ ጎማውን በእግሩ ሲመታ ፈጡማ ቁልፉን ነቅላ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወደ ባሕሩ ሄደች። ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች።

«አንቺ ሴት፣ ቁልፉን! ተሳፋሪ መጥቷል!»

«የፈለገ መጥቶ ይውሰድ!»

ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን ትተው ያዩታል። ቢጨንቀው ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገባ። ማዕበሉ እስከ ወገቡ ሲመታው እንደ ፍየል ጮኸ።

«ይበርዳል እኮ!»

«ይሄን ሁሉ ዓመት ስታየው ትኩስ መስሎህ ነበር?»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ቁልፉን ዳግመኛ ሲጠይቃት አልሰማሁም።

ማምሻውን ልጄ የሰጠችኝን ሰርዲን ተሸክሜ ስመለስ ታክሲው ሊነሳ ነው። እሰይ ብዬ በሩን ያዝኩ።

«ሞልቷል፣ ሐጂ» አለኝ ምፈደል።

አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ አየሁ። ከፈጡማ በቀር ማንም የለም፤ የባሏን እርጥብ ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ኧረ ምፈደል፣ ሐጂን እንኳ...» ብላ ጀመረች።

«ሞልቷል አልኩ እኮ!» አለና በባዶ እግሩ ነዳጅ መስጫውን ረግጦ ሄደ።