የጋሽ ዳና ብርጭቆ

አርባ ምንጭ ውስጥ ለትናንሽ አውሮፕላኖች ነዳጅ ቀጂ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ጋሽ ዳና ያስረከቡኝ የመጀመሪያ ዕቃ የማርማላታ ብርጭቆ ነበር። እንደ እንቁላል ነው የሚይዙት። "የእነዚህ ነዳጅ ሰማያዊ ነው" አሉኝ። "ውሃ ከገባበት ውሃው ከሥር ይተኛል። ከክንፉ ሥር ቀድተህ መሐሉ ላይ መስመር ካየህ፣ ካፒቴኑ ቢቆጣም አስቁም።" ስድስት ዓመት ሙሉ መስመር ስፈልግ ኖርኩ።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በበልግ ዝናብ ነው። ከአደጋው አንድ ቀን በፊት ብርጭቆው ከእጄ አመለጠና ሲሚንቶው ላይ ደቀቀ። ጋሽ ዳና ሲቆጡ ድምፃቸው ሲቀላ ሰፈር ድረስ ይሰማል። ሰበርኩት ማለት ፈራሁ። አንድ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጬ በብርጭቆው ቦታ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ወደ ደቡብ ኦሞ ክትባት ሊያደርስ መጣ። ከበርሜል በእጅ ፓምፕ ሞላሁለት። ከክንፉ ሥር ናሙና ቀዳሁ፤ ሰማያዊ ነው፣ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል፣ መስመር የለውም። ለአብራሪው ከፍ አድርጌ አሳየሁት፤ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ከሁለቱ ተሳፋሪዎች አንዷ ሲስተር አስቴር የምትባል ነርስ ነበረች። መብረር ትፈራለች። "ወንድሜ፣ ደህና ነው አይደል?" አለችኝ።

"ነዳጁን ያየሁት እኔ ነኝ፤ አይዞሽ ሲስተር" አልኳት።

አውሮፕላኑ ተነሳ። ከዛፎቹ ጫፍ ብዙም ሳያልፍ ሞተሩን ሳል ሳል አለው፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ ነበር። ከሜዳው ማዶ ያለ የሙዝ ማሳ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ የሰማሁትን ድምፅ ዛሬም ማስታወስ አልወድም።

ሮጥኩ። በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው "አይዞሽ" ያልኳት ብቻ ነው። የማሳው ባለቤት ጭቃ በጭቃ ሆነው መጡብኝ። "አልሞተም! ሦስቱም አልሞተም! ሙዙ ነው የያዘው!" አሉ። አብራሪው ግንባሩ ይደማል። የሲስተር አስቴር ክንድ ተሰብሯል። አየችኝ።

ስመለስ ጋሽ ዳና "ናሙናው የታለ?" አሉ። ፕላስቲኩ እንደሞላ በርሜሉ ጀርባ ተቀምጧል። ብደፋው የሚያይ አልነበረም፤ ልቤም ደፋው ደፋው ብሎኛል። ግን አምጥቼ ሰጠኋቸው። አሸተቱት፤ መዳፋቸው ላይ አፈሰሱት።

"ውሃ ነው" አሉ።

ከላይ እስከ ታች ውሃ ነው፤ መስመር ከየት ይምጣ? ሰማያዊው የፕላስቲኩ ቀለም ነበር። ነዳጅ ነዳጅ የሸተተኝም የገዛ እጄ ነው። ለካ በርሜሉ በቁሙ ዝናብ ሲወርድበት አድሮ፣ ውሃው በክዳኑ ዙሪያ ሰርጎ ገብቶ ኖሯል።

ቁጣቸውን ጠበቅኩ። "ብርጭቆማ ሲቀላ ገበያ ሞልቷል፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። "ለምን ሰበርኩ አላልከኝም?" ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከወራት እገዳ በኋላ ወደ ሥራዬ ስመለስ፣ ሲስተር አስቴር እንደገና ልትበር መጣች። አዲሱ ብርጭቆ እጄ ላይ ነው። ደህና ነው ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

"ስጠኝ" አለች። ወደ ፀሐይ አንስታ አየችው፣ አሸተተችው፣ መለሰችልኝና ተሳፈረች።

ናሙና ቀለም በሌለው ብርጭቆ ይቀዳል፤ ታይቶ ይሸተታል። ዕቃ የሰበረ ሰው ያንኑ ዕለት ይናገራል።