ክላን ማለት ጎሳ ነው ያልኩበት ቅዳሜ

ትምህርት ቤታችንን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ሰው ሊያጽናናኝ ሲፈልግ «ኧረ ተይ፣ ድሮም ሊፈርስ ነበር» ይለኛል። ውሸት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቪከሪ ሜዶ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አንድ አፓርትመንት ለነዋሪዎቹ ባዘጋጀው አዳራሽ፣ አሥራ ዘጠኝ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ፊደል ይቆጥሩ ነበር። አንዷ የኔ ልጅ ናት፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ልጄ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ነበር የምትመልስልኝ። «ጫማሽን አውልቂ» እላታለሁ፣ «ኦኬ፣ ማም» ትለኛለች። ለዓመታት እንዲህ ኖርን። ትምህርት ቤቱን በጀመረች በጥቂት ወሯ ግን፣ አንድ ቀን ቤድፎርድ ቤታችን በር ላይ ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ «እማዬ፣ ቁልፍ ረሳሽ» አለችኝ። ማንም ሳያዛት፣ ከራሷ አውጥታ። እዚያው ፓርኪንግ ላይ አለቀስኩ። ሰው በቁልፍ ያለቅሳል? እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቅዳሜ የሚነካብኝን ሰው አልምርም። ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ያለችው አለቃዬ የቅዳሜ ሺፍት ስትሰጠኝ ስንቴ ተነታርከናል!

ትምህርት ቤቱን የምንመራው አምስት ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም እዚሁ አካባቢ የምንኖር አበሾች። ሊቀመንበራችን አገር ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩ፣ እዚህ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሕግ አወጡ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ማንም ማንንም የየት አገር ሰው ነህ ብሎ እንዳይጠይቅ» አሉ። ኦርቶዶክሱና ጴንጤው፣ የአዲስ አበባውና የሰሜኑ አንድ ላይ የተቀመጠው በዚያች ሕግ ነው። የአገር ቤቱ ጦርነት ገና ከሰው ፊት ላይ አልጠፋም ነበር። ወንድሙ የሞተበትና ወንድሙ በሌላው ወገን የዘመተው ልጆቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ውጭ ቆመው ስለ መኪና ኢንሹራንስ ያወራሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ኢንሹራንስ!

መዘዙ የመጣው ከደግ ሰው ነው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች፤ ናቫሆ ናት፣ ፈረንጁ ሳይመጣ በፊት እዚህ አገር ከነበሩት ሕዝቦች ወገን። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ ሥራም ያስያዘችኝ እሷ ናት። ምሳ ስንበላ ስለ ትምህርት ቤታችን ሳወራላት ፈገግ ብላ ሰማችኝና የነሱን ነገረችኝ። አያቶቿ በልጅነታቸው ከቤታቸው ተወስደው፣ በቋንቋቸው ሲናገሩ አፋቸው በሳሙና እየታጠበ ነበር የተማሩት። በኋላ የመንደሩ ሰዎች «ትምህርት ቤቱን እኛው እንምራው» ብለው ተነሡ፤ እናቷም ከመሪዎቹ አንዷ ሆኑ። በግ አርቢ ናቸው፣ እንግሊዝኛ አያውቁም። አስተማሪ ሊቀጠር ሲመጣ ግን ፊቱ ተቀምጠው የሚጠይቁት እሳቸው ነበሩ።

«እናቴ መጀመሪያ የምትጠይቀው ምን ነበር መሰለሽ?» አለችኝ። «ልጅ ሲያለቅስብህ በየትኛው ቋንቋ ታባብለዋለህ? ነበር የምትለው።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። ያን ቀን ከሥራ ስወጣ መኪና ውስጥ ሆኜ ለጋሼ ኮል አደረግኩ። «ጋሼ፣ ወላጆቹን የምታበረታልን ሰው አግኝቻለሁ፣ ላምጣልዎት?» አልኳቸው። «አምጪያት ልጄ» አሉኝ። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ልጆቹ ምንጣፋቸው ላይ፣ ወላጆች ግድግዳ ተደግፈው። እንግዳዋ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። ጋሼ እዚህ ክፍል ከአማርኛ ሌላ አይነገርም ብለዋል፤ ደግሞም ግማሹ ወላጅ እንግሊዝኛው ለሥራ እንጂ ለቁም ነገር አይበቃውም። ስለ እናቷ ስትናገር አንዲት እናት ዕንባዋን ስትጠርግ አየሁ። ሶ፣ ተሳክቶልኛል ብዬ ተኩራርቻለሁ።

ቀጥላ አንድ ወጋቸውን ነገረችን። በነሱ ዘንድ ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ የእናቱን ክላን፣ ቀጥሎ የአባቱን ይናገራል። ይህን የሰማ ሰው «እንዲህ ከሆነማ እህቴ ነሽ፣ እንዲህ ከሆነማ አያቴ ነሽ» እያለ ዝምድናውን ይቆጥራል። አይተውት የማያውቁት ሰው ዘመድ ሆኖ ቁጭ ይላል። ትምህርት ቤታቸውም ቀኑን የሚጀምረው በዚህ ነው አለች። ከዚያ ወደ ልጆቹ ጎንበስ ብላ «እስቲ እናንተም ሞክሩት» አለች።

ክላን። የእናት ቤት፣ የአባት ቤት ብል ምን ነበረበት? ዝምድና ብልስ? አፌ ላይ የመጣልኝ ግን አንድ ቃል ነው። «ልጆች፣ እያንዳንዳችሁ መጀመሪያ የእናታችሁን ጎሳ፣ ቀጥሎ የአባታችሁን ጎሳ ተናገሩ ትላለች» አልኩ።

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

«ምን አልሽ?» አለ ከበሩ አጠገብ የቆመ አባት። ወንድሙ የሞተበት እሱ ነው። «ጎሳ? ከዚህ ሸሽተን አይደል እንዴ የመጣነው? ልጄን እየነዳሁ የማመጣው ለዚህ ነው?»

«ምን አስደነገጠህ?» አለው ሌላው ከማዶ። «የምትደብቀው ነገር አለ?»

አበቃ። ሁለት ዓመት የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። እንግዳዋን ማን እንደላካት፣ ማን ለየትኛው ወገን ገንዘብ እንዳዋጣ፣ ማን በሰልፉ ቀን የትኛውን ባንዲራ እንደያዘ። ጋሼ መሀል ገብተው «የትርጉም ስህተት ነው! ኧረ በፈጠራችሁ፣ ቃሉ ነው!» ይላሉ፣ ማን ይስማቸው። እንግዳዋ እኔን እኔን ታየኛለች።

ያኔ ልጄ እጇን አወጣች። እዚያው እንዳስተማሯት፣ ቀጥ አድርጋ።

«እማዬ፣ የኛ ጎሳ ምንድን ነው?»

ጥርት ባለ አማርኛ። አንዲት ፊደል አልሳተችም። ሁሉም ጭቅጭቁን ትቶ ወደኔ ዞረ። መልሱን ፈለጉት፤ እኔን ከየትኛው ጎራ እንደሚመድቡኝ ሊያውቁ። እኔና አባቷ ከሁለት ወገን ነን፣ ቤታችን ውስጥም ይህ ነገር ተነሥቶ አያውቅም። ልጄ ግን ይህን ሁሉ የት ታውቃለች? አያት ልትቆጥር ነው የጠየቀችው።

«ዝም በይ!» ብዬ ጮህኩባት።

እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

እንግዳዋን ስመልሳት «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። «ምንም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት። ላጽናናት ሲገባኝ እሷው አጽናናችኝ። የእናቷም ቦርድ ይጣላ ነበር አለች፣ ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴ ሳምንት። «ግን የምንሄድበት ስለሌለ ማግስቱን እዚያው እንገናኛለን» አለች። እኛ ግን ሁላችንም መኪና አለን። ያን ዕለት ፓርኪንጉ በአምስት ደቂቃ ነው ባዶ የሆነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስት ልጆች መጡ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ የኔዋ ብቻ። ወላጆቹ ጋ ደወልኩ፣ ለመንኩ። ያነሡትም «ልጄ ሶከር ጀምሯል» አሉኝ። ጋሼ ለአንዲት ልጅ ሙሉ ሰዓት አስተማሩ፤ እሷም ሙሉ ሰዓት መሬት መሬት እያየች ተቀመጠች። ሲጨርሱ ቁልፉን ለአፓርትመንቱ ቢሮ ሊመልሱ ሄዱ። «ጋሼ፣ አንድ ወር ብቻ እንሞክር» ብዬ ተከተልኳቸው። «ተይው ልጄ፣ ደክሞኛል» አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ለነርሷ አልነገርኳትም። እሷ ከሄደች በኋላ ታረቁ አልኳት፤ በየሳምንቱ «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ትለኛለች፣ «ደህና ናቸው» እላታለሁ። አሁን በቅርቡ አገሯ ደርሳ ስትመጣ ትልቅ ፖስታ ሰጠችኝ። የነሱ ትምህርት ቤት ልጆች ለኛ ልጆች የሳሉት ሥዕል ነው፤ በግ፣ ተራራ፣ አያት። አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ቁጥሩን አልረሳችም። ተቀብዬ መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ሌላ ምን ላድርግ?

ልጄን ከትምህርት ሳመጣት ከኋላ ወንበር ሆና ፖስታውን ከፈተች። አንድ በአንድ እያገላበጠች አየቻቸውና የማን እንደሆኑ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«ለትምህርት ቤት ልጆች የተላከ ነው» አልኳት።

«ዊች ስኩል፣ ማም?» አለችኝ።

የቱ ትምህርት ቤት? ያኔ ጮህኩባት፤ አሁን ሬዲዮውን ከፈትኩት።