በጀንፈል መጋዘን ጣሪያ ላይ የወጡ ከዋክብት

ሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ነበር። ሃምሳ ሰባት ይሆን? ብቻ ፈለቀ ከሀምቡርግ የተመለሰበት ዓመት ነው። ዲላ ውስጥ ሠርጉም ለቅሶውም «ፈለቀ ከሀምቡርግ ከመጣ ወዲህ» እየተባለ ይቆጠር ነበር፤ እንዲህ ብሎ መቁጠር የጀመረው ግን ራሱ ፈለቀ ነው።

ፈለቀ የቡና ነጋዴው የአቶ ጉግሳ ጸሐፊ ነበር። ጌታው አዲስ አበባ ስለሚኖሩ ዲላ ላይ የሚኮፈሰው እሱ ነው። ቡና ሊሸጡ ባሕር ሲሻገሩ ቦርሳ ያዥ አድርገው ወሰዱት። እዚያ ከመርከቡና ከወደቡ ሁሉ ልቡን የሰረቀው ፕላኔታሪየም የሚባል ክብ ቤት ሆነ። ሰው ተሰልፎ ይገባል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጣሪያው ላይ ከዋክብት ይወጣሉ።

«እውነተኞቹስ?» አለው ጴጥሮስ፣ ጀንፈል የሚባለው ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና የሚከማችበት የአቶ ጉግሳ መጋዘን ዘበኛ።

«እነሱንማ ማንም ያያቸዋል።»

ጴጥሮስ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እዚያው መጋዘኑ ግቢ ይኖራል። ፈለቀ መሰላል፣ መዶሻና ሚስማር ይዞ ሲመጣ በሩን የከፈተለት «ጌቶችን አናግሬያቸዋለሁ» ስላለው ነው። ባሕር የተሻገረ ሰው ይዋሻል ብሎ አላሰበም።

ከመጋዘኑ ባዶ ክፍል በላይ ያለው ቆርቆሮ ተበሳሳ። በሩ ሲዘጋ በጠራራ ፀሐይ ሰማዩ በከዋክብት ተሞላ። ዲላ ነቅሎ መጣ። ማታ ደጁ ላይ ቆሞ ቀና ብሎ የማያውቅ ሁሉ ቀን ጨለማ ውስጥ ለመቀመጥ ይጋፋ ጀመር።

«ያ ትልቁ ማነው?» አሉ ጠጅ ሻጯ እትዬ አሰፋች።

«ጁፒተር።»

«አምና ሲያፈስ የነበረው?»

ሰው ሳቀ። ፈለቀ ግን አልሳቀም። የሀምቡርጎቹ ይዞራሉ ብሎ አውርቶ ስለነበር አንዱ «የእኛዎቹ ለምን አይዞሩም?» ብሎ ጠየቀ።

«ጨዋ ልጆች ናቸዋ» አሉ እትዬ አሰፋች።

ደግሞ ከቀዳዳው የሚወርደው ብርሃን ያረፈበት ሰው ዓመቱን ይቀናዋል ተባለ። ጁፒተር በሚያርፍበት ቦታ ሁለት የተከበሩ ነጋዴዎች በክርን ተደቋቆሱ።

ጭብጨባው ፈለቀን አላስቀምጥ አለው። «የደቡቡ ሰማይ ይቀረኛል» አለ። የደቡቡ ሰማይ የሚሆነው ጣሪያ ሥር ግን የዓመቱ ጀንፈል ተከምሯል።

«ጋሼ፣ ዝናብ ቢመጣስ?» አለ ጴጥሮስ።

«በሬንጅ እደፍነዋለሁ። አንተ በርህን ጠብቅ፣ ሳይንሱን ለእኔ ተው።»

የደቡቡም ሰማይ ተበሳሳ። ዝናቡ በመጋቢት መባቻ መጣ፤ ሬንጁ አልመጣም። ጴጥሮስ የአልጋውን ሰሌን ሳይቀር አውጥቶ ክምሩን ሸፈነ። ጀንፈሉ ግን ራሰ፣ ጋለ፣ ሻገተ። ይህን ጊዜ ጌታው ቅዳሜ ይገባሉ የሚል ወሬ ደረሰ።

«ከግቢው ውጡ ቢሉን የት እንገባለን?» አለችው ሚስቱ።

«ፈለቀ አለ። ፈቅደውለት እንደበሳው እሱ ይነግራቸዋል።»

«አልፈቀዱለት እንደሆነስ?»

ጴጥሮስ ይህን አስቦት አያውቅም። ዓርብ ጠዋት ፈለቀን ፍለጋ ሲሮጥ ገበያው ዳር አገኘው። ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ የቡና መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ ተቀምጧል። ሻንጣው ከእግሩ ሥር ነው።

«ጴጥሮስ፣ እንኳን መጣህ» አለ ፈለቀ፣ ሊሸኘው የመጣ መስሎት ይሁን ወይም እንዲመስል ፈልጎ ይሁን እንጃ። «መጋዘኑን አደራ። ስመለስ ጨረቃዋን እጨምርልሃለሁ።»

ጴጥሮስ የመኪናውን በር ይዞ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ሾፌሩ ማርሽ አስገባ። በሩ ከእጁ አመለጠ። ጌቶችን አናግረሃቸው ነበር ወይ ሊለው አፉን ሲከፍት መኪናው ድልድዩን ተሻግሯል።