ለባለጋሪው ሚስት የሰጠሁት ድምፅ

ሌባ አልወድም። ልጆቼን ሳሳድግ የሰው እርሳስ እንኳ ይዘው ቢመጡ በመጡበት እግራቸው እመልሳቸው ነበር። ዳንግላ ውስጥ ይህን የማያውቅ ጎረቤት የለኝም። ስለዚህ ልጄ የስልኩን ሥራ ስታሳየኝ መጀመሪያ የጠየቅኋት ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው።

"ከማንም አይደለም አባዬ" አለችኝ። "ሰው አንድ ድረ ገጽ ላይ ይጽፋል፣ አንተ ታነባለህ። ጥሩ ከሆነ ድምፅ ትሰጠዋለህ። ድረ ገጹ ለጸሐፊውም ለአንተም ከራሱ ሳንቲም ያካፍላችኋል።"

"ሳንቲሙ የት ነው ያለው?"

"ብሎክቼይን የሚባል መዝገብ ላይ።"

"እሱስ የት ነው?"

"አንድ ቦታ የለም፤ ሁሉም ቦታ ነው።"

"እንደ እግዚአብሔር?"

ሳቀች። እኔ የምሬን ነበር የጠየቅኋት።

ከመጋዘን ሥራዬ በጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖብኝ ነበር። አላዝንም፣ አልደሰትም። ደጃፌ ላይ እቀመጣለሁ፤ ባጃጅ ያልፋል፣ ጋሪ ያልፋል፣ ምሳ ይደርሳል። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ለቀምኩት። ማንበብ እወዳለሁ ብዬ ስለማምን ሥራውን ያዝኩ።

እዚያ ሳንቲም የበዛለት ሰው ድምፁም ጉልበት አለው፤ ውጭ አገር ያሉ ብዙ ሳንቲም ያላቸው ሰዎች የድምፃቸውን ጉልበት አማርኛ ለምናነብ ለጥቂቶቻችን አውሰውን ነበር። ሥራችን ሁለት ነው፤ ጥሩውን ማንሣት፣ የተሰረቀውን መጣል። የተቃውሞ ድምፅ ከሰጠሁ ጸሐፊው ሊያገኝ የነበረው ይጠፋል፤ ከተደጋገመበትም ጽሑፎቹ ከሰው ዓይን ይሰወራሉ። አንድ ጽሑፍ ሰባት ቀን አለው፤ በሰባተኛው ሒሳቡ ይዘጋል።

ማንሣቱ ላይ ቆጣቢ ነበርኩ። መጣሉ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ቆርጬ መፈለጊያው ላይ እለጥፋለሁ፤ ከየት እንደተገለበጠ ይወጣል። አንዱ ስለ ንብ እርባታ የሌላ ሰው ጽሑፍ አምጥቶ የአባቴ ልምድ ነው ብሎ ነበር። ጣልኩትና ከሥሩ "የሰው ላብ የራስ አይሆንም" ብዬ ጻፍኩበት። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ። አልመለስኩለትም። ሳንቲሙ ሲገባልኝም ሰው ሲለምነኝም ውስጤ ያው ነበር።

አንድ ጠዋት አንዲት ሴት የለጠፈችው መጣልኝ። ፎቶው ላይ አንድ ሰው ጋሪውን ተደግፎ ቆሟል። ርእሱ "ስለ ሟቹ ባለቤቴ የጻፍኩት" ይላል። ሁለት መስመር እንዳነበብኩ አወቅሁት። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በእድራችን ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የምጽፈው እኔ ነኝ። ቤተሰቡ ይመጣል፤ የት ተወለደ፣ መቼ አገባ፣ ስንት ልጅ አፈራ ብዬ እጠይቃለሁ። ጽፌ፣ ከፍትሐት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሜ አነብባለሁ። ወረቀቱን ለቤተሰቡ እሰጣለሁ። ባለጋሪውን የቀበርነው ከክረምት በፊት ነው። ሚስቱ ገበያው ጫፍ ላይ በስፌት መኪና ልብስ የምትጠግን ናት።

ጽሑፉን ብዙ ሰው ወድዶላት ነበር። እኔ የተቃውሞ ድምፄን ሰጠሁና ከባለጋሪው ፎቶ ሥር "ይህ የተሰረቀ ነው፤ ጸሐፊውን አውቀዋለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ቀድመው የደገፏት ሰዎች የእኔን ቃል አይተው ድምፃቸውን መልሰው ወሰዱ። ሻይ ጠጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ቤቴ መጣች። ስልኳ ላይ ገጹን የከፈተችላት ልጄ ነበረች፤ ማን እንደጣላትም የነገረቻት እሷው ናት።

"ጋሼ፣ ሌባ ያሉኝ እርስዎ ነዎት አሉ" አለች፣ ሳትቀመጥ።

"ሌባ አላልኩሽም። የተሰረቀ ጽሑፍ ነው አልኩ።"

"እና የሰረቀው ማነው? ፈረሱ?"

ልጄ ከጓዳ ሳቋን ስታፍን ሰማሁ።

"ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ እንጂ! ለባሌ ብለው ሰጡኝ። የሰጡትን መልሶ መንጠቅ የት ነው ያለው?"

"እንድታስቀምጪው ነው የሰጠሁሽ። እኔ ጻፍኩት በይ አላልኩም።"

"እሺ፣ የእርስዎ ይሁን።" ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። "ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ያነበቡትንም ቆሜ ሰምቻለሁ። 'ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ' አሉ። ፍም እንኳ ሲጠየቁ በር የሚዘጉ ሰውዬ! እሳቸው ለማን ነው የደረሱት? ለባሌም ያንኑ አሉ። እኔስ ከእርስዎ ወሰድኩ፤ እርስዎ ከማን ነው የወሰዱት?"

ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

"ባሌ ሰው አክባሪ አልነበረም" አለች። "ከግማሹ የጋሪ ተራ ጋር ተኳርፎ ነው የሞተው። ፈረሱን ግን አንድ ቀን በጅራፍ አልነካውም። በአገውኛ ነበር የሚያናግረው። 'አማርኛ ለቀበሌ እንጂ ለፈረስ አይሆንም' ይል ነበር። ይሄን ጠይቀውኛል?"

"አልጠየቅሁሽም።"

"ምን ልበል ታዲያ? የሰጡኝን ለጠፍኩ። እኔ ገንዘቡ ይቅርብኝ። ከባሌ ፎቶ ሥር 'የተሰረቀ' ተብሎ ተጽፎ ይቅር? ልጆቹ ሲያድጉ ይሄን ያንብቡ?"

ውኃ እንድትጠጣ ለመንናት፤ አልጠጣችም፤ ወጣች።

ደብተሮቼን አወጣሁ። የጻፍኳቸውን የሕይወት ታሪኮች ሁሉ ቅጂ አስቀምጣለሁ። በሌሎች ላይ የምሠራውን በራሴ ላይ ሠራሁ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዤ ከደብተር ደብተር ፈለግሁት። መምህሩ ላይ አለ። ከሰል ነጋዴው ላይ አለ። ሚስቴ ላይም አለ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ እሷም "ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ" ነበረች፤ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ነጠላ ሰረዝ። በቀብሯ ቀን በደረቅ ዓይን እንዳነበብኩት ትዝ አለኝ። ሰው ጠንካራ ነው አለኝ። ጥንካሬ እንዳልነበር እኔ አውቃለሁ። አሁንም ደብተሩን ይዤ አንድ ነገር እንዲሰማኝ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም።

የመጀመሪያውንም አስታወስኩ። ወጣት ሳለሁ ጥሊሊ ከተማ ለቅሶ ሄጄ አንድ ጸሐፊ ሲያነብ ሰማሁ፤ አማረኝና ወረቀቱን ለምኜ በእጄ ገለበጥኩት። ከዚያ ስሙን እየቀየርኩ ኖርኩ። ያን ጊዜ ስርቆት አላልኩትም። መማር ነበር ያልኩት። አስተማሪ የሌለው ሰው ሌላ መንገድ የለውም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ይህን ምክንያት ለራሴ ሰጥቼ፣ ስለ ንብ የለጠፈውን ልጅ ከልክዬዋለሁ። ይህም እውነት ነው።

በማግስቱ ልጄን ጠራኋት። "ድምፄን አንሺልኝ። የጻፍኩትንም አጥፊው።"

"ድምፁ ይነሣል። ጽሑፉ ግን አይጠፋም አባዬ።"

"እኔ ጽፌው?"

"ብታስተካክለውም የፊተኛው መዝገቡ ላይ ይቀራል። ብሎክቼይን እንደዚያ ነው።"

"እስከ መቼ?"

ትከሻዋን ሰበቀች።

ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር እስከ ከሰዓት ጠበቅን። ሲመጣ ድምፄን አነሣሁ፤ ያን ቃል ለውጬም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሟች ቤተሰብ የሰጠሁት ነው። ስርቆት ካለበት የእኔ ነው።" ጉልበታቸውን ላዋሱኝ ሰዎችም ሁሉንም ሳልደብቅ፣ መዝገበ ቃላቴን እያገላበጥኩ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። ስለ ሐቀኝነቴ አመሰገኑኝና ጉልበቱን መልሰው ወሰዱ። አሁን ድምፅ ብሰጥ ለማንም ምንም አይጨምርም።

በሰባተኛው ቀን ሒሳቡ ተዘጋ። ለሴትዮዋ የደረሳት ጥቂት ነበር፤ የሄዱት ሰዎች አልተመለሱም። ልነግራት ገበያ ወረድኩ። የአንድ ገበሬ ካፖርት እየጠገነች ነበር።

"ለወጥኩት" አልኳት።

"አየሁ። የፊተኛው ግን አለ አሉኝ።"

"አለ።"

"ማን ያየዋል?"

"የፈለገ ሁሉ።"

ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "እንግዲያ ይኑር። እኔ የምልዎትን ደግሞ ከሥሩ ይጻፉበት። እሱም አይጠፋም አይደል?"

"አይጠፋም።"

"እንደ እኔ አፍ ነው ታዲያ፣ ያለውን አይመልስም፤ እንደ እርስዎ አይደለም።"

ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና ስልኬን አወጣሁ። እየሰፋች ነገረችኝ፤ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጆንያውን ለራሱ ሳይሆን ለፈረሱ እንደሚያለብስ፣ ታሞም ሁለት ቀን ጋሪ እንደነዳ። የሰማሁትን ጻፍኩ። ደስ አላለኝም፣ አልከበደኝም። መጨረሻው ላይ ስደርስ እጄ እንደለመደው ሄደ፤ የጻፍኩትን አነበብኩላት።

"'አረፉ' አይበሉ" አለችኝ፣ የስፌት መኪናውን አቁማ። "አላረፈም። ደክሞት ነው የሞተው።"

አጠፋሁና "ደክሞት ሞተ" ብዬ ጻፍኩ፤ ለጠፍኩትም።