በሟች ቁመት የተሠራ መቅዘፊያ

የሞተ ሰው ትከሻው አያመውም። ይህን ለአስቀዛፊዋ አማት ፊት ለፊት የሚነግር አንድ ደፋር ዘመድ ቢገኝ ኖሮ፣ የምራታቸው ቀኝ እጅ እንደ ራሰ ጨርቅ ከጎኗ ተንጠልጥሎ ባልቀረ ነበር። ግን ማን ይናገራል? ዘመድ አልቅሶ፣ አፉን ጠርጎ ይሄዳል።

ሴትዮዋ የምትሠራው ሐይቅ ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። እንግዶች በሰፊ ሰሌዳ ላይ ቆመው፣ ውሃውን በመቅዘፊያ እየገፉ ይንሸራሸራሉ። እሷ ከፊት ትመራለች፤ ሚዛን መጠበቅ ታስተምራለች፤ ነፋስ ሲነሳ የደከመውን በገመድ ጎትታ ታመጣለች። ሥራው የባሏ ነበር። ባሏ በር ሲገባ የሚያጎነብስ፣ “እዚያ ላይ አየሩ እንዴት ነው?” እየተባለ የሚቀለድበት መለሎ ነበር፤ እሷ ደግሞ ብብቱ ሥር የምትገባ። ትኩሳት ድንገት ሲወስደው ሥራውን ወረሰች። ከሥራው ጋር መቅዘፊያውንም።

በማረፊያው ግድግዳ ላይ እንደ ሰው ቁመት የሚረዝሙና የሚያጥሩ መቅዘፊያዎች ተሰቅለዋል። የእንግዳ ናቸው፤ ሠራተኛ የራሱን ይዞ ይመጣል። ለአንድ ጠዋት ለሚዝናናው ሰው ልኩ ይመረጥለታል፤ ቀኑን ሙሉ የምትቀዝፈው ግን ባገኘችው ትቅዘፍ! ይህን ደንብ ያወጣው ሰውዬ እስቲ አንድ ቀን በሌላ ሰው ሱሪ ይሩጥ።

መቅዘፊያ ሲረዝም የላይኛው እጅ ከራስ በላይ ተሰቅሎ ነው የሚገፋው። በየቅዘፋው ትከሻ ከቦታው ይጎተታል። መጀመሪያ ቁርጥማት መስሏት አሸችው። ቀጥሎ የልጇን ጸጉር መሥራት አቃታት። በመጨረሻ ኩባያ ከመደርደሪያ ለማውረድ እንኳ ግራ እጇን መላክ ጀመረች።

አንድ ቀን ደፍራ ነገሩን አንስታ ነበር።

“እማማ፣ ትንሽ ብናሳጥረውስ?”

“ምኑን?”

“መቅዘፊያውን። ትከሻዬን ያመኛል።”

“የልጄን እንጨት የሚቆርጥ እጁ ይቆረጥ!”

አሮጊቷ መቅዘፊያውን በየሳምንቱ ዘይት ይቀቡታል። እጀታው ላይ የልጃቸው መዳፍ ፍቆ ፍቆ ያጎደጎደው ቦታ አለ። አውራ ጣታቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ይቀመጣሉ። እናት ናቸው፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ግን ሐዘን በሌላ ሰው አጥንት ላይ ሲቆም ሐዘን መባሉ ይቅር።

መፍትሔም አላጡም። እንጨቱ ካላጠረ ሴትዮዋ ትርዘም! አሮጌ ጎማ ቆራርጠው፣ ደራርበው፣ ከጫማዋ ሥር በወፍራም ክር ሰፉላት።

“እስቲ ቁሚበት። እንዴት ነው?”

“ከፍ ብያለሁ፣ እማማ።”

“አየሽ! ይኸው ቁመት ነበር የጎደለሽ።”

ደም የሚያፈላው ደግሞ እሷ እሺ ማለቷ ነው። በሰሌዳ ላይ በባዶ እግር እንደሚቆም፣ ሰሌዳው ሲወዛወዝ መጀመሪያ የሚያውቀው የእግር ጣት እንደሆነ፣ ለእንግዳ ሁሉ በየጠዋቱ የምታስተምረው እሷው ነች። ለራሷ ሲሆን ግን አፏ ተዘጋ። ቤት ውስጥ ሰላም እንዲወርድ ስትል ጎማውን ተጫምታ ወጣች።

የዚያን ቀን እንግዳዋ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ፤ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት።

“አንቺ ልጅ፣ ሠርግ ልትሄጂ ነው? ተረከዝሽ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል!” አሏት።

“ለ... ለምቾት ነው” አለች።

መሀል ሐይቅ ሲደርሱ ነፋሱ ተነሳ። ሰሌዳዋን ለማዞር መቅዘፊያውን ወደ ላይ ስታነሳ ትከሻዋ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። እጇ ወደቀ፣ ጎማው አዳለጣት፣ ውሃ ገባች። በአንድ እጅ ሰሌዳው ላይ ለመውጣት ሞከረች፤ ተንሸራተተች፤ እንደገና ሞከረች። ነርሷ ሰሌዳቸው ላይ በሆዳቸው ተኝተው፣ እንጨቱንም ሴትዮዋንም ለቃቅመው፣ በእጃቸው እየቀዘፉ በገመድ ጎትተው ዳር አደረሷት።

“ልጄ፣ ይህ እጅ ሐኪም ይፈልጋል። ዛሬውኑ” አሏት እያለከለኩ።

ሥራ አስኪያጁ ዳር ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ትከሻዋን አላየም። ያየው አስቀዛፊ በእንግዳ ስትጎተት ነው።

“ሰኞ ጠዋት ውሃው ላይ እስከምትንሳፈፈው ቀይ በርሜል ድረስ ቀዝፈሽ ትመለሻለሽ” አላት። “ካልቻልሽ ሌላ ሰው አለኝ።”

ቤቱን የሚያቆመው ያ ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ትታ በቀጥታ ወደ አናጺው ሄደች፤ መቅዘፊያውን የሠራው እሱ ነው፣ የባሏም ወዳጅ። መጋዙን ይዞ ተከትሏት መጣ። አሮጊቷ መጋዙን ሲያዩ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

“አንተም? በቤቱ የበላህ የጠጣህ?”

“እማማ፣ እጀታው አይነካም” አላቸው በልመና። “እሱን አወጣዋለሁ፤ ዘንጉን ከላይ አሳጥራለሁ፤ ከዚያ እጀታውን መልሼ በኮላ አጣብቀዋለሁ። ያ መዳፍ የነካው እንዳለ ይቀመጣል።”

“ልጄ እኮ ከፍ አድርጎ ነበር የሚይዘው። አሁን ልታወርዱት ነው?”

 አናጺው መጋዙን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

“ጫማሽን አውልቂ። እንጨቱን ፊት ለፊትሽ አቁሚ። እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ፤ እጀታው መድረስ ያለበት የእጅሽ አንጓ ጋ ነው፤ ልክሽ እሱ ነው።”

ግራ እጇን አነሳች።

“በቀኝሽ!” አሉ አሮጊቷ። “ልጄ የተለካው በቀኙ ነው። ምን ታስመስያለሽ?”

ቀኟን አነሳች። እጁ ደረቷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጥርሷን ነክሳ ገፋችው፤ አልወጣም።

“ስንፍና ነው! አምጪው ወዲህ!” አሉና ክንዷን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ አነሱት።

የጮኸችው ጩኸት ጎረቤት ሰማ። አሮጊቷ ክንዱን ለቀቁት። ክንዱም ወደቀ፤ ሰው እጁን እንደሚያወርደው ሳይሆን እንደ ዕቃ ወደቀ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆሙ። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ማዕድ እየበሉ፣ በግራ እጇ ስትጎርስ እያዩ፣ ለካ አላዩም ነበር።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አሉ።

“ነግሬዎት ነበር፣ እማማ።”

አሮጊቷ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ዘንጉን ጉልበታቸው ላይ አስተኙ። በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ያዙት።

“ቁረጠው” አሉት አናጺውን። “እንዳይንሸራተት እኔ እይዘዋለሁ።”

መጋዙ ሲሄድና ሲመለስ ያለቅሳሉ፤ ግን አልለቀቁም።

ሰኞ ጠዋት አስቀዛፊዋ በባዶ እግሯ ሰሌዳው ላይ ቆመች። መቅዘፊያው ልክ ገባላት፤ የላይኛው እጇ ግንባሯ ፊት ለፊት ዋለ። ምነው ቀደም ብሎ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ! ግራዋን ከላይ አድርጋ ጀመረች። ሰሌዳው ወደ አንድ ጎን ሲጠመዝዝባት እጅ መቀየር ነበረባት፤ ቀኟ እጀታው ላይ አልወጣ አለ። እንደምንም እያቃናች፣ እየቆመች፣ እንደ ሰካራም መንገድ በተጠማዘዘ መስመር ቀዩዋ በርሜል ደርሳ ተመለሰች። ስትወርድ ከንፈሯ ነጥቷል።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ።

“እንግዳ እዚያ ድረስ ቆሞ አይጠብቅሽም። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይመራል። አንቺ ሰሌዳ ታጥቢያለሽ።”

“እሺ” አለች። ሌላ ምን ትላለች? ባልዲውን በግራ እጇ አንስታ ሄደች።

ቤት ስትደርስ አሮጊቷ በር ላይ ቆመው ይጠብቋታል።

“ሆነልሽ? ልክሽ ነው?”

መቅዘፊያውን ተቀብለው እያገላበጡ፣ ዓይናቸውን ከአፏ ሳይነቅሉ ጠበቁ።

“ልኬ ነው፣ እማማ” አለች።