የሊትር ምርቃት

ሐይቅ ከተማ፣ ወተት ቤት ቆሜያለሁ። ሻጯ ልጅ የሊትር መስፈሪያውን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ትሞላለች፤ ወተቱ ቀዩ መስመር ላይ ሲደርስ ታቆማለች። ጠብታ አታሳልፍም።

አያቴ እንዲህ ሰፍራ አታውቅም። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካለው ቤታችን ወተት የምትሸጠው በጣሳ ነበር። ጣሳው ከሞላ በኋላም፣ ወይራ ከታጠነው ቅሏ ጨለፍ አድርጋ ለገዢው ትመርቃለች።

አንድ ጠዋት አንድ ወጣት ወተት ሰብሳቢ የሊትር መስፈሪያ ይዞ መጣ። እኔም ትምህርት ቤት የተማርኩትን ላሳይ ብዬ ጣሳችንን በውሃ እየሞላሁ መስፈሪያው ውስጥ ገለበጥኩ። ሁለት ጣሳ ልክ መስመሩ ላይ አረፈ።

"እማ፣ አንድ ሊትር ማለት ሁለት ጣሳ ነው" አልኳት አያቴን።

"ምርቃቱስ የት ገባ?" አለችኝ።

ወጣቱ ሳቀ። "እማማ፣ ሊትር ምርቃት የለውም። ከሁሉም ሰው እኩል ነው የምንቀበለው።"

"አብሽር ልጄ፣ መስመርህን አልነካብህም" አለችና እስከ መስመሩ ሰፈረችለት። እሱ ወደ ጀሪካኑ ሲገለብጥ ግን ቅሏን አንስታ አስከተለችበት።

"ይቺ እኮ አትመዘገብልዎትም" አላት።

"መዝግብልኝ አልኩህ? ወላሂ፣ ሳልመርቅ ከዚህ ቤት ወተት አይወጣም።"

በማግስቱም ቅሏን ይዛ ጠበቀችው።

አሁን ሻጯ ልጅ ሊትሩን የያዝኩት ጆግ ውስጥ ገለበጠችልኝ። ጆጌን እንደዘረጋሁ ቆየሁ።

"ሊትሩ እኮ ሞልቷል፣ እትዬ" አለችኝ።

"አውቃለሁ" አልኳት። እጄን ግን አልሰበሰብኩም።