ያልለካሁት የድንኳን ቁመት

ቀጨኔ፣ እናቴ ቤት ውስጥ፣ ከቁም ሣጥኑ ጎን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ይሠራል። ክዳኑን አውልቄ፣ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠርጌ፣ ሰርቨር ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ዲግሪም የለኝም። ሥራ በጠየቅሁበት ሁሉ ወረቀት ይጠይቁኛል፤ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል።

አዲሱ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ግን ሌላ ነገር አለኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ለፈተና የሚለማመዱበት ገጽ ፈልጎ ነበር። ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ለመከራየት ዶላር ያስፈልጋል፤ ዶላር የላቸውም። ርዕሰ መምህርቷ «እቤትህ አስቀምጠው» አሉኝ። «አንድ ወር ሳይቋረጥ ከሠራ እቀጥርሃለሁ። ዲግሪ አልጠይቅህም።» በወሩ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተማሪ በአንድ ሰዓት የሚወስደው የሙከራ ፈተና ነበር።

ስለዚህ መስመር መምረጥ ነበረብኝ። ቤታችን ከድሮ ጀምሮ የስልክ መዳብ ገመድ አለ፤ ኢንተርኔታችንም በእሱ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እየለካሁ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ወደ ቤት የሚገባው መረጃ ይበቃል፤ ከቤት የሚወጣው ግን ቀጭን ነው። ቪዲዮ ለሚያይ ሰው የሚያስፈልገው የሚገባው ነው፤ ሰርቨር ግን ሥራው መስጠት ነው። አርባ ተማሪ ገጹን በአንድ ጊዜ ቢከፍት መዳቡ ይታነቃል። የሞባይሉ ኢንተርኔት፣ ስልኬን መስኮቱ ላይ ሳስቀምጠው፣ ፈጣን ነበር። ነገር ግን በሞባይል ብዙ ሰው አንድ አድራሻ ይጋራል፤ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ የሰፈሩን መግቢያ ያገኛል እንጂ የእኔን በር አያገኝም። አዲሱ የፋይበር መስመር ግን ይፈጥናል፤ የራሱ ቋሚ አድራሻም አለው። መብራት ሲጠፋ የሚይዝልኝ የመኪና ባትሪ ገዝቼ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ለሁለት መስመር መክፈል ስለማልችል የመዳቡን ኢንተርኔት ፈርሜ አዘጋሁ። ስልኩ ብቻ ቀረ፤ እናቴ እሱን አትለቅም።

ፋይበሩ መንገዱን ተሻግሮ ቤታችን ለመድረስ የእማማን ቆርቆሮ ጠርዝ መንካት ነበረበት። እማማ ፊት ለፊታችን የሚኖሩ፣ ሕፃን ሳለሁ ያዘሉኝ ጎረቤታችን ናቸው። ላስፈቅድ ሄድኩ።

«ደግሞ ምንድነው የምታስገባው?»

«ኢንተርኔት ነው፣ እማማ።»

«ያለው ምን ሆነ?»

«ቀርፋፋ ነው።»

«አንተስ ቀርፋፋ አይደለህ? ማን አባረረህ!» ብለው ሳቁ። ወጥተውም ገመዱን ሊዘረጋ መሰላል ላይ የወጣውን ቴክኒሻን ከታች ሆነው አዩት። «ልጄ፣ ከፍ አድርገው እንጂ! እኔ ስሞት ድንኳኔ የት ሊተከል ነው?»

«ኧረ እማማ፣ ገና እኛን ይቀብራሉ» አለ ቴክኒሻኑ ከመሰላሉ ላይ።

እኔም ሳቅሁ። ከፍ ለማድረግ ሌላ ብረት መትከል፣ ገመዱንም ማስረዘም ያስፈልግ ነበር። ቴክኒሻኑ አየኝ። «ይበቃል» አልኩት። ያልኩት እኔ ነኝ።

ሃያ ስድስት ቀን አልተቋረጠም። በሃያ ሰባተኛው ቀን ማለዳ የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። እማማ በእንቅልፋቸው አርፈዋል። ፈተናው በማግስቱ ነበር።

ድንኳን የምንተክለው የመንደሩ ወጣቶች ነን። እኔም በእማማ ደጅ አንዱን ምሰሶ ያዝኩ። ሸራው ሲነሳ የፋይበሩ ገመድ ያዘው።

«ይሄ የማን ሽቦ ነው?» አሉ የእድሩ ዳኛ።

«የእኔ ነው፣ ጋሼ።»

«በቃ እንቁረጠዋ!» አለ አንዱ።

«ምን ያስቆርጠዋል? በምሰሶው አንሳና ከስልኩ ገመድ ጋር እሰረው። ስንት ዘመን እንዲህ ስናደርግ ኖረናል!» አሉ ዳኛው።

እውነታቸውን ነው። በየለቅሶው የስልኩን ገመድ በምሰሶ ጫፍ ያነሱታል፣ በሲባጎ ያስሩታል፣ በሣልስቱ ይፈቱታል። መዳብ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። የፋይበር ውስጡ ግን መስታወት ነው። ይህን እዚያ ከቆመው ሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። የእማማ ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አፌን መልሼ ዘጋሁ። ምሰሶውንም ወደ ላይ ገፋሁት።

ገመዱ ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም። ቤት ስገባ ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት በርቷል።

ደወልኩ። ከቀብር መልስ ያው ቴክኒሻን መጣ። ድንኳኑ በሰው ሞልቷል። «መሰላሌን የት ላቁም?» አለኝ በሹክሹክታ። «ለአንድ ሰዓት ያህል ሸራውን ሰብሰብ ቢያደርጉልን...» ብሎ ጀመረና ራሱ ተወው። አንገቱን ደፍቶ ከለቀስተኛው ጋር ጥቂት ተቀምጦ፣ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሄደ። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ልሂድ ብልስ የት? ቋሚ አድራሻ ያለው መስመር የማውቀው ይኸው የእኔው ነው።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወደ አጥሩ ጥግ ወጣሁ።

«ልጆቹ አይከፍትም እያሉ ነው። ምን ሆነ?» አሉ ርዕሰ መምህርቷ።

«ለቅሶ ላይ ነኝ። ድንኳን ሲተከል ገመዱ...»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር። ማን ሞተብህ?»

«ጎረቤት።»

«ለወላጆች እንግዲህ ድንኳን ተተከለ ልበላቸው?» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሌላ መፍትሔ እንፈልጋለን።» ዘጉት። ተመልሼ ገባሁ፤ ከጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ቦታዬን በነጠላቸው ይዘውልኝ ነበር።

በሣልስቱ ድንኳኑ ፈረሰ። ቴክኒሻኑ የተሰበረውን ለመቀጠል ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ሌላ ብረት ተክሎ ገመዱን ከፍ አደረገው፤ መሰላሉን ያዝኩለት። ሲወርድ ቁመቱን በሜትር ለካሁ፤ ድንኳን ያለችግር ያልፋል። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

«ሠራልህ?» አለች እናቴ።

«ሠራ።»

የሞደሙ አረንጓዴ መብራት እስካሁን በርቷል። ጠዋት ጠዋት፣ ማን ገጹን እንደከፈተ የሚያሳየውን የሰርቨሩን መዝገብ እከፍታለሁ። ያገኙትን አድራሻ ሁሉ ከየትም ሆነው አንኳክተው ከሚያልፉ ማሽኖች በቀር አንድም ተማሪ የመጣ የለም።